ዘንግ ያልገባበት ሞተር

እኔ የዕቃ ቤት ሰው ነኝ። በጀልባ ጥገናው ግቢ ውስጥ መፍቻ ሳበድርና ሳስመልስ ሃያ ስድስት ዓመት ሞላኝ፤ ስለዚህ ሰውን የምመዝነው በአፉ ሳይሆን ዕቃ በሚመልስበት ሁኔታ ነው። ግራሶውን ጠርጎ የሚመልስ አለ። እንዳለ ወርውሮብኝ የሚሄድ አለ። የሰበረውን ከደህናው ሥር ሸጉጦ ሹልክ የሚልም አለ፤ እሱን ገና ከበር ሲገባ አውቀዋለሁ። ሚሊሜትርን የመሰለ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። የወሰደችውን ጠርጋ፣ ቁጥሩን ወደ ፊት አዙራ፣ ከምስማሩ ላይ ራሷ ሰቅላ ነው የምትሄደው። ለእኔ አዝና እንዳይመስላችሁ፤ እኔ ስሰቅለው ይንጋደዳል ብላ ነው።

ስሙን ያወጡላት የጀልባ ነጂዎቹ ናቸው። አንዱ አንድ ቀን የጎበጠ ብሎን ይዞ መጣና «ምን አለበት፣ የፀጉር ያህል እኮ ነው» አላት። ቀና ብላ አየችውና «የማን ፀጉር? የእኔ ወይስ ያንተ?» አለችው። ሰውየው ራሰ በራ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሚሊሜትር ሆና ቀረች፤ በስሟ የሚጠራት ከእናቷ በቀር የለም።

አባቷ የሞተው በአሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲያ ያሳደጋት የእናቷ ታናሽ ወንድም፣ የጥገና ቤታችን ኃላፊ ነው። እኛ ሁላችን «ዋናው» እንለዋለን፣ እሷ ደግሞ «ጋሼ»። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደዚህ እያመጣ የዘይት ቆርቆሮ ላይ ያስቀምጣትና ብሎን ያስለያት ነበር። እኔ በሆዴ ልጅቷን ምን አደረገችው እል ነበር። በሃያ ሁለት ዓመቷ ግን የሙያ ፈቃዷን አወጣች። ያለዚህ ፈቃድ የጀልባ ሞተር መንካት ክልክል ነው፤ የተነጠቀ ሰው በሐይቁ ዙሪያ ባሉት ጥገና ቤቶች ሁሉ ዳግመኛ መፍቻ አይጨብጥም። በመጀመሪያው ዓመት ነጂዎቹ በመስኮቴ ብቅ ብለው «ወንድ የለም እንዴ?» ይሉኝ ነበር። ኋላ ኋላ «እሷ የለችም እንዴ? እንግዲያው ነገ እመለሳለሁ» ማለት ጀመሩ። ዋናው ይህን ሲሰማ ደስታውን የሚያደርግበት ያጣ ነበር። «የእኔ ሥራ ናት» ይላል። ውሸት አልነበረም፣ የእሱ ሥራ ናት።

አሁን ስለ ዘንጉ ልንገራችሁ፤ ጉዱ ሁሉ የመጣው በእሱ ነውና። የጀልባው ሞተር የሚቀመጠው ከውስጥ ነው። በውሃ ውስጥ የሚሽከረከረውን መቅዘፊያ የያዘው ክፍል፣ እኛ «እግር» የምንለው፣ ከውጭ ከጀርባው ላይ ይታሰራል። ሁለቱን የሚያገናኘው መጋጠሚያ ይባላል። መሃሉ ጎማ የሆነ ክብ ብረት ነው፤ ከሞተሩ ቮላኖ፣ ማለትም ከኋላው ከሚዞረው ከባድ ክብ ብረት ጋር በብሎን ይታሰራል፣ እምብርቱ ላይ ባለ ጥርስ ቀዳዳ አለው። የእግሩ ባለ ጥርስ ዘንግ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ የሞተሩን ጉልበት ይቀበላል። ሞተሩ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ዘንጉ ተንጋዶ ይገባል። ጀልባው ይሄዳል፣ ማንም አያውቅም። ጥርሶቹ ግን ቀን በቀን እርስ በርሳቸው ይበላላሉ።

ስለዚህ እግሩ ከመታሰሩ በፊት ከእኔ ዕቃ ቤት የሚወጣ አንድ ረጅም የመለኪያ ዘንግ አለ። ከጀርባ፣ ዘንግ በሚሽከረከርበት በኩሽኔታው ውስጥ አሳልፈው ወደ መጋጠሚያው ይከቱታል። በሁለት ጣት ተገፍቶ ከገባና ከወጣ ሞተሩ ቀጥ ብሏል። እምቢ ካለ ሞተሩ የተቀመጠባቸውን የፊት መቆሚያዎች ጥቂት ከፍ፣ ጥቂት ዝቅ እያደረጉ እንደገና ነው። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። ወገብ የሚቆርጥ፣ ግማሽ ቀን የሚፈጅ፣ ማንም የማያመሰግንበት ሥራ ነው። ዋናው ልጅቷን ሲያስተምራት «ዘንጉ በሁለት ጣት ካልገባ አንቺም ቤትሽ አትገቢም» ይላት ነበር፤ እውነትም አትገባም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ወደ ማዶ የሚሻገረው ትልቁ ጀልባ አሥራ አንድ ሰው ይዞ ሐይቁ መሃል ቆመ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባው አይንቀሳቀስም። ነፋሱ እየገፋ ከዓለት ጋር አላተመውና አንድ ሽማግሌ ክንዳቸው ተሰበረ። ዓሣ አጥማጆች ባይደርሱ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር። ጎትተው አመጡት። ነጂው ገና ከመውረዱ «መቅዘፊያው ወልቆ ሰምጧል» እያለ ለፈለገውም ላልፈለገውም ያውጅ ጀመር።

ሚሊሜትር ከመሻገሪያው ሳንቃ ላይ በደረቷ ተኝታ ወደ ታች አየች፤ መቅዘፊያው በቦታው አለ። ሞተሩን አስነሳችው፤ ጤነኛ ነው። ማርሽ አስገባች፤ መቅዘፊያው ንቅንቅ አላለም። ሞተሩን አጠፋችና ማርሹ እንደገባ መቅዘፊያውን በእጇ አዞረችው። ከሞተሩ ጋር ተያይዞ ቢሆን ኖሮ ሁለት ጎረምሳም አያዞረውም። እሱ ግን የልጅ መጫወቻ ይመስል በአንድ እጇ ዞረ። «ወይ የእግሩ ማርሽ ነው፣ ወይ መጋጠሚያው» አለች። ከእግሩ ጥቂት ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ አፍስሳ በጣቶቿ መሃል አሸችው። የብረት ብናኝ የለበትም፣ ማርሹ ደህና ነው ማለት ነው። ከዚያ የሞተሩን ክዳን ከፍታ አሸተተችና እኔንም ጠራችኝ። የተቃጠለ ጎማ ይሸታል።

እግሩን ፈትተው ሲያወርዱት ጥቁር የጎማ ዱቄት ዝርግፍ አለ። የመጋጠሚያው ጥርሶች አልቀዋል፤ የቀሩትም በአንድ ጎን ተበልተው የቆየ ጫማ ተረከዝ መስለዋል። ሚሊሜትር ባትሪዋን ይዛ ብዙ ቆየች። ይህ ዕቃ አሥር ዓመት ይኖራል። ይሄኛው አዲስ ከገባ ገና አሥራ አንድ ወሩ ነው፤ ያስገባችውም እሷ ራሷ ናት። ሞተሩ ከቦታው ሳይነቃነቅ ዘንጉን ስጡኝ አለች። ኩሽኔታውን አልፎ ሄደና መጋጠሚያው አፍ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ሞተሩ ሦስት ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ነበር የተቀመጠው። በእሷ አገር ሦስት ሚሊሜትር ገደል ነው።

ዘንጉን ጠርጋ ልትመልስ ስትመጣ ፊቷ ጥሩ አልነበረም። ከምስማሩ ላይ ሰቀለችው፣ ግን አልሄደችም።

«ጋሽ ባለቁልፍ» አለችኝ፣ «እኔ እኮ ያን ቀን ሥራውን አልጨረስኩትም።»

እኔም አስታወስኩ። የዛሬ አሥራ አንድ ወር መጋጠሚያውን አስራ፣ ስምንቱንም ብሎን አጥብቃ፣ ሞተሩ ገና በሰንሰለት ማንሻው ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ስልክ ተደወለ። እናቷ ወጥ ቤት ውስጥ ወድቀዋል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። ዋናው መፍቻውን ከእጇ ተቀብሎ «ሂጂ ልጄ፣ ዘንጉን እኔ ራሴ አስገባለሁ» አላት። ከነሥራ ልብሷ ስትሮጥ እኔም አይቻታለሁ። ሰባት ሰዓት ላይ ሐኪም ቤት ደርሶ ከእህቱ ራስጌ ተቀመጠ። ሚሊሜትር «ጨረሱት ጋሼ?» ብትለው «ጨርሼው ነው የመጣሁት» አላት። ይህን ታሪክ አሥራ አንድ ወር ሙሉ ስታወራው ሰምቻለሁ። እንዴት ያለ አጎት ነው ያለኝ፣ ሥራውን በሩጫ ጨርሶ ደረሰልን፣ ትል ነበር።

አሁን በጣቶቿ ትቆጥር ጀመር። ሞተሩን ማውረድ፣ ማሰር፣ ዘንጉን ማስገባት፣ የፊት መቆሚያዎቹን ማስተካከል፣ እግሩን መግጠም። ቢፈጥን ቢፈጥን አንድ ሙሉ ቀን ነው። እሱ በሦስት ሰዓት ጨርሶ፣ መንገዱንም ጨምሮ፣ ሐኪም ቤት ደርሷል።

«ደግሞ እጁ ንጹሕ ነበር» አለች። «የእማዬን ግንባር ሲዳብስ አይቼዋለሁ። ጥፍሩ ውስጥ እንኳ ግራሶ አልነበረም። ሁሉን ነገር ስለካ ያን ቀን አልለካሁም።»

ቢሆንም ወዲያው ሰበብ ፈለገችለት። ምናልባት ማታ ተመልሶ አስተካክሎት ይሆናል፣ ምናልባት ከዚያ በኋላ ሞተሩ ተንሸራቶ ይሆናል። የሥራ ካርዱን አውጥተን አየን። «ዘንግ ያስገባው ባለሙያ» በሚለው መስመር ላይ የእሷ ስም ተጽፏል፣ በዋናው እጅ ጽሑፍ። ካርዱን ይዛ ቢሮው ሄደች። ፊቱ ቅጭም አለ፣ ግን አልተቆጣም። ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ነገ ከነገ ወዲያ እንነጋገራለን ብሎ ሸኛት። ረጋ ብላ ወጣች። ጋሼ ነገሩን ይፈታዋል ብላ አምናለች።

ማክሰኞ ዋናው ከሥራ ቀረ። ረቡዕ ተመልሶ መጣና ዓይኗን ሳያይ «ሞተሩን ያስተካከልሽው አንቺ ነሽ፣ ስምሽ አለበት» አላት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለውሃ ትራንስፖርት ተቆጣጣሪዋ የጻፈው ሪፖርት ግልባጭ ደረሳት። እኔ መስኮት ላይ ቆማ ጮክ ብላ አነበበችው። ባለሙያዋ በዕለቱ በእናቷ ድንገተኛ ሕመም ሐሳቧ ተከፋፍሎ ስለነበር ዘንጉን ሳታስገባ ሥራውን ዘግታለች ይላል። ዓርብ ጠዋት ጉዳዩ ታይቶ ፈቃዷ ይነሳ አይነሳ ይወሰናል። «በእናቷ ድንገተኛ ሕመም» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር። ሲጥል በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር። ሌሎቹን ብቻ ማማት አይሆንልኝም።

ያኑ ረቡዕ ወደ ማምሻው ዋናው ዕቃ ቤት ገባና ከመፍቻ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። ከእሱ ጋር የኖርኩት ዕድሜ ከሚስቴ ጋር ከኖርኩት ይበልጣል። እዚህ ሥራ ያስገባኝ እሱ ነው፤ ልጄ ታማ በተኛች ጊዜ ሁለት ወር ሙሉ በእኔ ቦታ መፍቻ ሲያድል የከረመው እሱ ነው። ስለ ውሰት ደብተሩ አነሳ። ከግቢያችን ወጥቶ ለሌላ ጥገና ቤት የሚዋስ ዕቃ ሁሉ እዚያ ይጻፋል፣ ማን እንዳዘዘ፣ መቼ እንደወጣ፣ መቼ እንደተመለሰ። ያኔ፣ እናቷ በወደቁበት ሳምንት፣ የመለኪያ ዘንጉ ማዶ ላለው ጥገና ቤት በውሰት ሄዶ ነበር። ያዘዘው ራሱ ዋናው ነው፤ ፊርማው አለበት። የተመለሰው በዘጠነኛው ቀን ነው። እንግዲህ ዘንጉን እሷም እሱም ማስገባት አይችሉም ነበር፤ በግቢው ውስጥ አልነበረማ።

«ያቺን ገጽ ውሃ ነካት ብትል ማን ይጠይቅሃል?» አለኝ።

ምን አልኩት? ውጣልኝ አልኩት? አላልኩም። «እስቲ ላስብበት» አልኩ። ላስብበት ማለት ምን ማለት እንደሆነ እሱም ያውቃል እኔም አውቃለሁ። እፎይ ብሎ፣ እጄን ጨብጦኝ ወጣ። እኔ ደብተሩን ከመሳቢያው አውጥቼ አየሁትና መልሼ ከተትኩት። እስከ ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ሐሙስ ሚሊሜትር መጋጠሚያውን ቀየረች። ተቆጣጣሪዋ እስኪወስኑ ከሥራ አላገዷትም፤ ቢያግዷትም ሌላ የሚሠራው አልነበረም። ሞተሩን በሰንሰለት ማንሻው አነሳችና አሮጌውን ፈትታ ከእግሯ ሥር አስቀመጠች። የቮላኖውን ፊት እስኪያበራ ጠረገች። አዲሱን አስገብታ ብሎኖቹን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከዚህ አንድ፣ ከትይዩው አንድ እያለች በዙር አጠበቀች፤ ጥርሶቹን ግራሶ ቀባች። ከዚያ ሞተሩን አውርዳ ዘንጉን ይዛ ተንበረከከች። እየገፋች፣ እያወጣች፣ በዘንጉ ጫፍ ግራሶው የቱ ጋ እንደተላሰ እያየች፣ የፊት መቆሚያዎቹን ሩብ ዙር፣ ደግሞ ሩብ ዙር። ዋናው ሁለት ጊዜ በዚያ አለፈ። እሷ ቀና ብላ ሁለት ጊዜም አየችው። እሱ የጀልባ ገመድ እንደሚመረምር ሰው አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዘንጉ ገባ። እግሩን ከመግጠሟ በፊት ነጂውን፣ ሁለቱን የቀን ሠራተኞችና እኔን ጠራችን። እያንዳንዳችን በሁለት ጣታችን ዘንጉን ገፍተን እንድናስገባ፣ ስበን እንድናወጣና ካርዱ ላይ እንድንፈርም አደረገች። ነጂው «ኧረ ጋብቻ አስመሰልሽው፣ አራት ምስክር» ብሎ ቀለደ፤ ሁለቱ ሠራተኞች ሳቁ። እሷም ፈገግ አለች። እኔ አልሳቅኩም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ቃሏ ብቻ ይበቃ የነበረ ሰው አሁን ምስክር ትሰበስባለች።

ፈርሜ ስመለስ ተከትላኝ መጣች። «ጋሽ ባለቁልፍ፣ ያን ሳምንት ዘንጉ ከምስማሩ ላይ ወርዶ ያውቃል? የወሰደው ሰው ካለ ያስታውሳሉ?» አለችኝ። ለዋናው ያልኩትን መልስ ለእሷ መድገም አልቻልኩም። መሳቢያውን ከፍቼ ደብተሩን ሰጠኋት፣ ገጹንም ገለጥኩላት። ዋናው ምን እንደጠየቀኝና እኔ ምን እንዳልኩትም ነገርኳት። ስለ እኔ ምንም አላለችም፤ ቢያንስ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጣቷን በቀኑ ላይ አሳረፈች።

«ዘንጉ ማዶ ነበር» አለች። «መፍቻውን ተቀብሎኝ እኔ ራሴ አስገባለሁ ሲለኝ ዘንጉ ማዶ ነበር። ራሱ ልኮት።»

ያኔ ገባኝ። እኔ የመሰለኝ ሰውየው ተሳስቶ፣ ኋላ ፈርቶ የዋሸ ነው። እሷ ያየችው ግን ሌላ ነው። ውሸቱ የጀመረው ጀልባው የቆመ ዕለት አይደለም። እናቷ ወጥ ቤት ወለል ላይ ወድቀው ሳለ፣ እሷ እየሮጠች ሳለ፣ ልጄ ሂጂ በሚለው ቃል ውስጥ ነበር። ኋላ እንደሰማሁት የጀልባው ባለቤቶች ለነገ ጠዋት አድርሱልን ብለውታል፣ ዘንጉ የለም፤ የእኔ ዓይን ከዘንግ አያንስም ብሎ ገምቶ አስቀመጠው። እግሩንም ሁለት ሠራተኞች በጉልበት ገፍተው ከተቱት። እሷ መሄዷ ተመቸው። ያን ሁሉ ወር እንደ ውለታ ስትቆጥረው የኖረችው ይህን ነበር።

ዓርብ ጠዋት ተሰበሰብን። አዳራሹ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ፣ ስምንት ወንበርና የማይሠራ ማራገቢያ አለ። ተቆጣጣሪዋ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው ሪፖርቱን አነበቡና ባለሙያዋ የምትለው ካለ አሉ። ሚሊሜትር ቆመች። አንድ ነገር ብቻ ኃላፊዬን ልጠይቅ ብላ ፈቃድ ለመነች። ደብተሩ በቦርሳዋ ውስጥ እንዳለ እኔ አውቃለሁ። ወዲያው ልታወጣው ትችል ነበር። አላወጣችውም። እውነቱን ራሱ እንዲናገር በር ትከፍትለት ነበር።

«ጋሼ» አለች፣ «ዘንጉን እኔ አስገባለሁ ብለው መፍቻውን ከእጄ አልተቀበሉኝም?»

ዋናው ጠረጴዛውን እያየ «እኔ ከእጅሽ የተቀበልኩት ነገር የለም» አለ።

ከዚያ ደብተሩን አውጥታ ገልጣ ለተቆጣጣሪዋ አስረከበች። ተቆጣጣሪዋ ጽሑፉ የማን እንደሆነ ጠየቁ፤ የእኔ ነው አልኩ። ያዘዘበት ፊርማ የማን ነው አሉ፤ ማንም ሳይመልስ ዋናው እጁን አነሳ፣ እንደ ተማሪ። ዘንጉ በሌለበት ዘንግ ገብቷል ብሎ በሌላ ሰው ስም መሙላቱ ተመዘገበ። የእሱ ፈቃድ ተነሳ፣ ሁለት ወር ቀርቶት የነበረውም ጡረታ ያኑ ዕለት ሆነ። የእሷ ፈቃድ ጸና። ሲወጣ እሷን አላያትም፤ እኔ ፊት ቆሞ «አንተም?» ብሎኝ ሄደ። እሷ ካርዷንና ደብተሩን ሰብስባ፣ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠግታ ወጣች። እንኳን ደስ ያለሽ ያላት ነጂው ብቻ ነው፤ እሱም አጉል ቦታ እንደገባ ወዲያው አውቆ ወደ ጀልባው ሄደ።

ብቻዋን ስትሄድ ማየት አልሆነልኝምና ቤቷ ድረስ አብሬያት ሄድኩ። ለእናቷ የምሥራቹን እኔ እነግራለሁ ብዬ በመንገድ ላይ ቃሉን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። እትዬ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከወደቁ ወዲህ ግራ እጃቸው አይታዘዝላቸውም፤ ልጃቸው ናት የምታጥባቸው፣ የምታለብሳቸው፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የምትሰጣቸው። ገና ከበሩ «እትዬ፣ ደስ ይበልዎት፣ ልጅዎ ፈቃዷን አልተነጠቀችም» አልኳቸው።

«ወንድሜስ?» አሉ።

ነገርኳቸው። ፊታቸውን ከእኔ ወደ ልጃቸው መለሱ።

«ሆድ ይፍጀው ብትይ ምን ነበረበት?» አሏት።

«እማዬ፣ ሥራዬን ሊያሳጣኝ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«የጻፈብኝ እኮ በአንቺ ሕመም ነው። አንቺን ላስታምም በሄድኩበት ቀን።»

«አውቃለሁ አልኩሽ። እኔ ነኝ ያልኩት» አሉ እትዬ። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፤ የሚያጽናኑ ነበር የሚመስሉት። «ማክሰኞ መጥቶ እዚህ እግሬ ሥር ሆኖ አለቀሰ። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ እኮ ነው። በእሷ ስም ይለፍ፣ ልጄ ናት፣ ትችለዋለች አልኩት። የእኔንም ሕመም ጻፍ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ይራራልሻል ብዬ። አንቺ ገና ነሽ፣ ሌላ ሥራ ታገኛለሽ። እሱ ሌላ ምን አለው?»

ሚሊሜትር አልጮኸችም። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ነገሩን ለክታ ልታውቀው ፈለገች።

«ማክሰኞ በስንት ሰዓት?»

«ከምሳ በኋላ።»

«ያን ማታ እኮ ደክሞኝ ስገባ ጀርባዬን አሽተሽልኛል።»

«አዎ፣ አሽቼልሻለሁ» አሉ እናቷ።

ሚሊሜትር ሰዓቷን አየች። የቀትሩ መድኃኒት ሰዓት ደርሶ ነበር። እንክብሏን በትንሽ ምላጭ ለሁለት ከፈለች፣ ሐኪሙ ግማሽ ብቻ ብሏልና። በብርጭቆ ውሃ ቀዳች፣ ጭንቅላታቸውን ደግፋ አስዋጠቻቸው፣ አፋቸውን ጠረገችላቸው። እኔ ኮፍያዬን ይዤ ወጣሁ። ስወጣ የቀረችውን ግማሽ እንክብል በወረቀት ስትጠቀልል አየኋት።

አሁን የምትሠራው ማዶ ባለው ጥገና ቤት ነው፤ እዚያው አንድ ክፍል ተከራይታለች። እዚያም ጎበዝ ይሏታል። ዋናው ከእህቱ ቤት ገብቷል፤ የሚያጥባቸው የሚያለብሳቸው እሱ ነው፣ ይህንንም በደንብ ይሠራል ይላሉ። ሚሊሜትር ቅዳሜ ቅዳሜ በትልቁ ጀልባ ተሻግራ የሳምንቱን መድኃኒት ታመጣለች፤ እያንዳንዷን እንክብል ከፍላ፣ የየቀኑን ለየብቻ ጠቅልላ። በሩ ላይ ሆና ታቀብላለች። እናቷ ግቢ፣ ትንሽ ተቀመጪ ብለው ይለምኗታል። «ጀልባው ያመልጠኛል» ትላቸዋለች።

ጀልባው የሚነሳው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ሁለቱን ሰዓት እኔ ዕቃ ቤት መጥታ፣ መፍቻ ሣጥኑ ላይ ተቀምጣ ታሳልፋለች፤ አንዳንዴ እናወራለን፣ አንዳንዴ ዝም እንላለን።